ዳኛው ሃይማኖትን እንዴት ያየዋል? የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤቶችና አናሳ እምነቶች

ከሥራ መልስ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ፣ ስለ ሕግ ለመስማት ብላችሁ መምጣታችሁን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። በጥሪ ወረቀቱ ላይ «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ወንበሩ እንዲህ እንደማይሞላም አልጠፋኝም።

የተጋበዝኩት የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤቶች ቁጥራቸው ላነሰ ሃይማኖቶች ምን እንዳተረፉላቸው እንድናገር ነው። የምለውን ከወዲሁ ላስታውቃችሁና ማስረጃዬን እያያችሁ ትፈርዱኛላችሁ። እነዚህ ፍርድ ቤቶች ሃይማኖትን ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እንደ ቃል ነው። ሰው ያመነውን ሲናገር፣ ለጸሎት ሲሰበሰብ፣ ማኅበሩን ለማስመዝገብ ሲያመለክት በርትተው ይቆሙለታል። ያው እምነት ወደ ልብስ፣ ወደ ማዕድ፣ ወደ መሬት ሲወርድ ግን ድምፃቸው ይቀንሳል። በመጀመሪያ ወደ ቀርጤስ ደሴት እወስዳችኋለሁ፤ ቀጥሎ ስለ ፋይልና ማኅተም፣ ከዚያ ስለ ሥጋ እናገራለሁ፤ በመጨረሻ ወደ አህጉራችን እመለሳለሁ። ዓመቶቹን፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አይደለም፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። የአውሮፓ ምክር ቤት የሚባለው፣ ዛሬ 46 አገሮችን የያዘው ድርጅት ፍርድ ቤት ነው። የሚሠራበት ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ ስለ እምነት ሁለት ነገር ይላል። በልብ ማመንና እምነትን መለወጥ ማንም የማይገባበት ነጻነት ነው። እምነትን በአደባባይ መግለጥ ግን በሕግ ሊገደብ ይችላል፤ ገደቡ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለሥነ ምግባር ወይም ለሌሎች ሰዎች መብት ሲባል የግድ ያስፈለገ መሆን አለበት። የእኛው የአፍሪካ ቻርተርም በ8ኛው አንቀጽ ተቀራራቢ ነገር ይዟል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው «የግድ ያስፈለገ» ከሚለው ላይ ነው።

ወደ ቀርጤስ እንሂድ። ሲቲያ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሚኖስ ኮኪናኪስ የተባለ ነጋዴ በ1919 እዚያው ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1936 የይሖዋ ምሥክር ሆነ። ከዚያ ወዲህ እምነቱን በመስበኩ ከ60 ጊዜ በላይ ተይዟል። ግሪክ በአምባገነኑ ሜታክሳስ ዘመን፣ በ1938፣ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስኮብለልን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሕጉ አምባገነኑን በብዙ ዓመት ዕድሜ በለጠው።

መጋቢት 2 ቀን 1986 ኮኪናኪስና ባለቤቱ የአንዲት ሴት በር አንኳኩ። ሴትየዋ አስገባቻቸው፤ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ተነጋገሩ። የሴትየዋ ባል በከተማው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመራ ሰው ነበር፤ እኛ ብንሆን መሪጌታ እንለው ነበር። ፖሊስ ጠራ። ባልና ሚስቱ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡና እያንዳንዳቸው የ4 ወር እስራትና የ10,000 ድራክማ መቀጮ ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ሚስትየዋን በነጻ አሰናበተ፤ የባልየውን እስራት ወደ 3 ወር ዝቅ አደረገው። ሰበር ችሎቱም አጸናው። ጥፋቱ ምን ነበር? የአንዲትን ሴት የዋህነትና ልምድ ማነስ ተጠቅሞ እምነቷን ሊሸረሽር ሞክሯል የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ሴትየዋ አልኮበለለችም፤ የኦርቶዶክስ እምነቷን እንደያዘች ነበረች።

ስትራስቡርግ በግንቦት 1993፣ በ6 ድምፅ ለ3፣ ግሪክ የሰውየውን የእምነት ነጻነት ጥሳለች ብሎ ፈረደ፤ 400,000 ድራክማ የሞራል ካሳም እንድትከፍለው አዘዘ። ስምምነቱ ሥራ ላይ ከዋለ 40 ዓመት ሆኖት ነበር፤ 9ኛው አንቀጽ ተጥሷል ብሎ ፍርድ ቤቱ ሲፈርድ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ፍርድ ዳኞቹ የእምነት ነጻነት ለአማኙ ብቻ ሳይሆን ለማያምነውም፣ ለተጠራጣሪውም፣ ለግድየለሹም ሀብት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ በሃይማኖት ጉዳይ የሚጽፍ ዳኛ ሁሉ ከዚህ ፍርድ ነው የሚጀምረው። በየበሩ እየዞረ የሚያንኳኳ ሽማግሌ፣ ብዙዎቻችን በመስኮት አይተን «የሉም በሏቸው» የምንለው ዓይነት ሰው፣ ለአንድ አህጉር ሙሉ የሕግ መሠረት አኖረ።

ነገር ግን ፍርዱን በጥሞና ስታነቡት ጥንቃቄው ይታያችኋል። ፍርድ ቤቱ የሜታክሳስን ሕግ አልሻረውም። የተለመደ ስብከት አለ፣ አለአግባብ የሆነ ስብከትም አለ፣ ሁለተኛውን መቅጣት ይቻላል፤ የግሪክ ዳኞች ግን የሕጉን ቃል ከመድገም በቀር ሰውየው ምን አለአግባብ እንዳደረገ አላሳዩም ብሎ ነው የፈረደለት። ልዩነቱ የት እንደሚወድቅ በ1998 ታየ። ጴንጤቆስጤ የሆኑ የግሪክ አየር ኃይል መኮንኖች ለበታቾቻቸውም ለሲቪሎችም ሰብከው ተቀጡ። ስትራስቡርግ ነገሩን ለሁለት ከፈለው፤ አዛዥ ለበታቹ ሲሰብክ ወታደሩ «ይቅርብኝ» ለማለት ስለሚቸገር ቅጣቱ ተገቢ ነው፤ ሲቪሉ ግን በሩን መዝጋት ስለሚችል ቅጣቱ መብት ይጥሳል። እኔ ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። ስለ ትምህርቱ እውነትነት አንድም ቃል ሳይናገር፣ ሰሚው እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ የሚለውን ብቻ ጠይቋል።

የይሖዋ ምሥክሮችን ካነሳሁ አይቀር ሌላም ያስገኙትን ልጥቀስ። ጠመንጃ አልይዝም ያለ ወጣት በእምነት ነጻነት ሊከራከር አይችልም የሚለው አቋም በአውሮፓ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጸንቶ ቆይቶ ነበር። በሐምሌ 2011 የስትራስቡርግ ታላቁ ችሎት፣ በ16 ድምፅ ለ1፣ ከአርመኒያ በመጣ አንድ ወጣት ጉዳይ ይህን አቋም ገለበጠው። መሸነፍ ያላደከመው ማኅበር በመጨረሻ ፍርድ ቤቱን አደከመው ማለት ይቻላል። ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ ደግሞ በዚያው ምክንያት በመስከረም 1994 የታሰሩ ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች፣ ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ እስከ ታኅሣሥ 2020 እስር ቤት ቆይተዋል። ሃያ ስድስት ዓመት። የሚሰማ ዳኛ መኖርና አለመኖር ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

እስካሁን ያየነው የተናጋሪውን ጉዳይ ነው። አሁን ወደ ፋይሉ ልሻገር፤ አናሳ እምነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰቃየው በእሳትና በሰይፍ ሳይሆን በፋይል ነውና።

እዚያው ቀርጤስ፣ ሄራክሊዮን አካባቢ፣ የይሖዋ ምሥክሮች በ1983 አንድ ክፍል ተከራዩ። ለስብሰባና ለሠርግ ነው ተብሎ በውሉ ላይ ተጽፏል። ለጸሎት ቤት የሚሆን ፈቃድ እንዲሰጣቸውም ለትምህርትና ሃይማኖት ሚኒስቴር አመለከቱ። ሚኒስቴሩ እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚመጣው መረጃ ተሟልቶ ስላልደረሰን መወሰን አልቻልንም የሚል ደብዳቤ በተደጋጋሚ ላከላቸው። «ነገ ተመለስ» የሚለው ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እነሱ መልስ ሲጠብቁ ዐቃቤ ሕግ ያለ ፈቃድ ጸሎት ቤት ከፍታችኋል ብሎ ከሰሳቸው፤ 3 ወር እስራትና መቀጮ ተፈረደባቸው፤ በ1993 ፖሊስ በሩን አሸገ። ፍርድ ቤቱ በ1996 በሙሉ ድምፅ ሲፈርድላቸው ያስቀመጠው ነጥብ ከደብዳቤው ጣጣ በላይ ይሄዳል፤ መንግሥት የአንድን እምነት ትክክለኛነት፣ ወይም እምነቱ የሚገለጥበትን መንገድ ትክክለኛነት የመመዘን ሥልጣን የለውም።

ሞልዶቫ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በአንድ ቤት ልጆች መካከል ነበር። በ1992 የቤሳራቢያ ሜትሮፖሊታን ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች፤ ኦርቶዶክስ ናት፣ ግን ከሞስኮ ይልቅ ከቡካሬስት ፓትርያርክ ጋር ነው የቆመችው። መንግሥት አልመዘግብም አለ። ምክንያቱ፦ ሃይማኖቱ ያው ነው፣ ሥርዓቱ ያው ነው፣ የቤታችሁን ጠብ ከሌላው ወገን ጋር እዚያው ጨርሱ። ስትራስቡርግ በታኅሣሥ 2001 ይህን አልተቀበለም። መንግሥት በሃይማኖት ውስጥ ጠብ ሲነሳ ሥራው ወገኖቹ ተቻችለው እንዲኖሩ ማድረግ ነው፤ አንዱን ወደ ሌላው ጠቅልሎ አንድ ማድረግ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተመዘገበች።

ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ የራሳችንን እያሰባችሁ እንደሆነ ፊታችሁ ይነግረኛል። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዓመታት ለመመዝገብ አመልክታ ተከልክላለች፤ አባሎቿም ተሰብስበው ሲያመልኩ ተይዘው ታስረዋል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ሰውነትን በቀጥታ ሲሰጥ ሌሎቹን ወደፊት በሚወጣ ልዩ ሕግ ይተዳደራሉ ብሎ አለፋቸው። ሙስሊሞቹ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ፣ መቶ ሺህ በሚገመተው ሕዝብ መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩበት። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች ካውንስል በራሳቸው አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኙት ደግሞ በ2020 ነው። ከሰልፉ 46 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለእኛ ይህን በር የከፈተው ፍርድ ቤት አይደለም፤ አንዴ ሕዝብ በእግሩ ወጥቶ፣ አንዴ መንግሥት ሲለወጥ ነው የተከፈተው። በዚህ መንገድ የተገኘ መብት በዚሁ መንገድ ሊሄድም ይችላል።

አሁን ወደ ሥጋ ልምጣ። ከተናገርኩት ሁሉ ይበልጥ ለኢትዮጵያዊ የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ፈረንሳይ ውስጥ እንስሳ ሳይደነዝዝ በሃይማኖት ሥርዓት የሚታረደው በቄራ ብቻ ነው፤ አራጁም መንግሥት የተቀበለው የሃይማኖት አካል የፈቀደለት መሆን አለበት። ለአይሁድ ይህ ፈቃድ የተሰጠው ከፓሪስ ዋና የአይሁድ ማኅበር ጋር ለተያያዘ የረቢዎች ኮሚቴ ነበር። «ሻአሬ ሻሎም ቬ ጼዴቅ» የተባለ ጥብቅ ማኅበር ግን በዚህ አልረካም። ወደ 40,000 ተከታይ አለኝ የሚለው የዚህ ማኅበር ክርክር በሳንባ ላይ ነበር። የታረደው ከብት ሳንባ ሲመረመር ክር የሚያህል የተጣበቀ ነገር እንኳ ከተገኘበት ሥጋው ለእነሱ አይበላም። የኮሚቴው አራጆች ይህን ያህል አያጠብቁም፤ ስለዚህ የራሳችን አራጅ ይፈቀድልን አሉ። ተከለከሉ።

በሰኔ 2000 ታላቁ ችሎት፣ በ12 ድምፅ ለ5፣ መብታችሁ አልተነካም አላቸው። ለምን? የምትፈልጉትን ሥጋ ከቤልጂየም ማስመጣት ትችላላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም። መብላት እስከቻላችሁ ድረስ ማረዱ የእናንተ መሆን የለበትም።

እስቲ ይህን ወደ አገራችን አምጡት። ሥጋ ቤቶቻችን በራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚያደርጉት ለጌጥ አይደለም። ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ በሬ ይገዛል፤ አራጁን ከእነሱ ይጠራል፤ ድስቱ ለብቻ ይጣዳል፤ ቢላዋው ሳይቀር ይለያል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ። እንደዚህ ላደገ ሰው ሥጋው ተገኝቷል ማለት መልስ አይሆነውም፤ ማን አረደው? ምን ብሎ አረደው? ያ እጅ የታመነ ነው ወይ? ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስትራስቡርግ የበላተኛውን ሆድ አየ፣ የአራጁን እጅ አላየም። ለማኅበሩ ግን ሃይማኖቱ ያለው እጁ ላይ ነበር። አምስቱ ተቃዋሚ ዳኞች ይህ ገብቷቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የታሪኩ መራራ ክፍል ገና ነው። ከ2019 ጀምሮ ከቤልጂየም ሦስት ክልሎች ሁለቱ፣ ፍላንደርስና ዋሎኒያ፣ ሳይደነዝዝ ማረድን ለእንስሳት ደኅንነት ብለው ጨርሶ ከለከሉ። ሙስሊሞችና አይሁዶች አቤት አሉ። በየካቲት 2024 ያው ፍርድ ቤት ክልከላውን በሙሉ ድምፅ ደገፈው፤ የእንስሳት ደኅንነት ስምምነቱ ከሚያውቀው የሕዝብ ሥነ ምግባር ውስጥ ይገባል አለ። ፈረንሳዮቹን ከቤልጂየም አስመጡ ብሎ የሸኘው ፍርድ ቤት ነው ይህን ያለው። የእንስሳትን ሥቃይ አቅልዬ አላየውም፤ በቅን ልብ የሚከራከሩ አሉ። ነገር ግን «ሌላ ቦታ ሂድ» የሚለው መልስ ሌላው ቦታም ሲዘጋ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በ2000 መጠየቅ ነበረበት።

ልብስ ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ባጭሩ ላልፈው። ጄኔቫ ውስጥ የትንንሽ ልጆች መምህርት የነበረች ሙስሊም በራስ መሸፈኛዋ ምክንያት አቤት ብትል፣ በ2001 ፍርድ ቤቱ ሻሹ በሕፃናት አእምሮ ላይ ብርቱ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል ብሎ መለሳት። በ2011 የጣልያን ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ስላለው መስቀል ሲጠየቅ ግን፣ ይህ ዝም ብሎ የተሰቀለ ምልክት ነው፣ ማንንም አያስገድድም አለ። የአብላጫው ምልክት ግድግዳ ይሆናል፤ ግድግዳ ደግሞ አይታይም። በ2014 ፈረንሳይ ፊትን መሸፈን የከለከለችበትን ሕግ ሲያይ፣ መንግሥት ያቀረባቸውን የጸጥታና የሴቶች እኩልነት ምክንያቶች አልተቀበለም። የቀረውን አንዱን፣ «አብሮ መኖር» የሚለውን፣ ተቀብሎ ሕጉን አጸናው። ጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ደግሞ በ2018 ስለዚሁ ሕግ ሲጠየቅ መብት ይጥሳል አለ። አንድ ሕግ፣ ሁለት መዳኛ ቦታ፣ ሁለት መልስ። አብሮ መኖር ማለት የብዙኃኑ ዓይን እንዳይረበሽ ማድረግ ከሆነ፣ አናሳ ሆኖ የሚከራከር ሰው አስቀድሞ ተሸንፏል።

ዳኞቹ ለምን እንዲህ ሆኑ ብትሉኝ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ብልሃት ነው። 46 አገር የሚዳኝ ፍርድ ቤት አገሮቹ በማይስማሙበት ነገር ለእያንዳንዱ መንግሥት ሰፋ ያለ የመወሰን ቦታ ይተዋል፤ ያለዚያ ማንም አይታዘዘውም። ሁለተኛው ግን አስተዳደግ ነው። ሃይማኖት በልብ ያለ እምነት ነው፣ የቀረው ልማድ ነው የሚል ሥዕል በአውሮፓ ሕግ ውስጥ ሰርጿል። ጾም የሚገድፈውን ከካህን ፊት የሚያቆም፣ ሰዓት ጠብቆ በግንባሩ መሬት የሚነካ፣ ጠበል ፍለጋ ተራራ የሚወጣ ሕዝብ በዚህ ሥዕል ውስጥ ራሱን አያገኝም።

ወደ አህጉራችን እንመለስ። ከእኛ ጋር ዝምድና ካለው ጉዳይ ልጀምር። ራስታፈሪ የሚባለው እምነት ስሙን ያገኘው ከራስ ተፈሪ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱን አምላክ ይላቸዋል፤ ሻሸመኔ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት መሬት የሰፈሩትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጋሬት ፕሪንስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሕግ ተምሮ የጨረሰ ራስታፈሪ ነው። ጠበቃ ለመሆን ሲያመለክት የጠበቆች ማኅበሩ ካናቢስ ይዘህ ሁለት ጊዜ ተቀጥተሃል፣ ወደፊትም እጠቀማለሁ ትላለህ ብሎ ከለከለው። ፕሪንስ ማጨሱ ሥርዓተ አምልኮዬ ነው አለ። በ2002 የአገሩ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ5 ድምፅ ለ4 ፈረደበት፤ ለእናንተ ብቻ ብንፈቅድ የሚያመልከውንና የሚነግደውን ፖሊስ እንዴት ይለያል ነው ምክንያቱ። በ2004 ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም፣ በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም ከመንግሥት ጋር ቆሙ።

ሰውየው ግን አልተቀመጠም። በ2018 እንደገና ያው ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ፤ ዳኞቹም አንድ አዋቂ በግል ቦታው ካናቢስ ቢተክልና ቢጠቀም ወንጀል አይደለም ብለው በሙሉ ድምፅ ፈረዱ። ያሸነፈው ግን በሃይማኖት አይደለም፤ በግል ሕይወት የመከበር መብት ነው። አምልኮው ያላስከፈተውን በር የጓሮው አጥር አስከፈተው። ራስታፈሪዎች በሃይማኖታቸው ስም ያሸነፉት በፀጉር ነው፤ በኬንያ በ2019፣ በጋና በ2021፣ በማላዊ በ2023፣ ተማሪዎችን ድሬድ ስላደረጉ ከትምህርት ቤት መከልከል ተገቢ አይደለም ብለው የየአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ወስነዋል። ስትራስቡርግ ጨርቁን ከፈራ፣ አክራና ናይሮቢ ፀጉሩን አልፈሩትም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የኦጊየኮች ጉዳይ ነው። ኦጊየክ በኬንያ ማው ደን የሚኖር፣ በአደንና በማር የታወቀ ሕዝብ ነው። በጥቅምት 2009 የኬንያ የደን አገልግሎት በ30 ቀን ውስጥ ልቀቁ አላቸው። ነገሩ በባንጁል ኮሚሽን በኩል አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ደረሰ። መሬት ብቻ አልነበረም የተጠየቀው፤ ሙታናችንን የምንቀብረው፣ የምንጸልየው፣ የምንማፀነው በዚያ ደን ውስጥ ነው አሉ። መንግሥት የሰጠው መልስ እጅግ ያስገርመኛል፤ እነዚህ ሰዎች እኮ ክርስቲያን ሆነዋል፣ የድሮውን ትተዋል አለ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2017 ሲፈርድ፣ ሁሉም ክርስቲያን አልሆኑም፤ ክርስቲያን የሆነውም የአባቶቹን ሥርዓት ጨርሶ ትቷል የሚል ማስረጃ አልቀረበም አለ። ደኑን ለመጠበቅ ከሆነም፣ ከማባረር ይልቅ ሕዝቡን ማስተማርና ከእነሱ ጋር መሥራት ይቻል ነበር። በዚህ መንገድ ደኑ ራሱ የአምልኮ ቦታ መሆኑ በአህጉራዊ ፍርድ ታወቀ።

ይህ ፍርድ ለእኛ አገር ዓይን ከፋች ይመስለኛል። ጥዋት ቅዳሴ አስቀድሶ ከሰዓት ዋርካ ሥር የሚመርቅ ሽማግሌ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? ዳኛ «አንዱን ምረጥ» ቢለው ሽማግሌው ጥያቄው ራሱ አይገባውም።

አሁን ስለ ፍርድ አፈጻጸም ልናገር። የአፍሪካ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 ለኦጊየኮች ወደ 158 ሚሊዮን የኬንያ ሺልንግ ካሳ ወሰነ፤ መሬታቸውም እንዲመለስላቸው አዘዘ። በ2023 መጨረሻ ግን ኦጊየኮች ከዚያው ደን እንደገና ይባረሩ ነበር። ሩሲያም በ2017 የይሖዋ ምሥክሮችን በአገር አቀፍ ደረጃ አገደች፤ ስትራስቡርግ በሰኔ 2022 እገዳው ሕገወጥ ነው ሲል ሩሲያ ከአውሮፓ ምክር ቤት ተባርራ ሦስት ወር ሆኗት ነበር። ፍርድ ቤት ጦር የለውም፤ የሚኖረው በመንግሥታት እሺታ ነው። እንዲያም ሆኖ ፍርዱ ከንቱ አይደለም። የተፈረደለት ወገን በሚቀጥለው ክርክር፣ በአገሩ ፓርላማ፣ በጋዜጣ ላይ ይዞት የሚቆም ወረቀት አለው።

ኢትዮጵያስ? ሕገ መንግሥቱ በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በ27ኛው የእምነት ነጻነትን ይሰጣል፤ በ13ኛው ደግሞ የመብት አንቀጾች ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ ይላል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አባላቱ ዳኞች አይደሉም። አሩሻ ያለውን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ አላጸደቀችም። ስለዚህ ከእኛ አገር የሚነሳ ሰው፣ በአገር ውስጥ ያለውን መፍትሔ ጨርሶ፣ ሊደርስ የሚችለው ባንጁል ኮሚሽኑ ዘንድ ነው፤ የአፍሪካን ቻርተር በ1998 ተቀብለናልና።

ይህ ለማን ይጠቅማል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ለሁላችሁም እላለሁ። በዚህ አገር አናሳ ያልሆነ ሃይማኖት የለም፤ የሚለያየው ወረዳው ነው። በአንዱ ዞን ኦርቶዶክሱ የመቃብር ቦታ ይለምናል፣ በሌላው ሙስሊሙ፣ በሦስተኛው ጴንጤው። በጥር 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በአክሱም ሂጃብ የሚለብሱ ሴት ተማሪዎች ትምህርት ቤት በተከለከሉ ጊዜ፣ እገዳው እንዲቆም ያዘዘው እዚያው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ስትራስቡርግ ያልተጠየቀ፣ አሩሻ ያልደረሰ ጉዳይ ነው። ያ ዳኛ የጄኔቫዋን መምህርት ፍርድ አንብቦት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ካነበበው ግን አልተከተለውም።

ሰዓት አለን፤ ጥያቄዎቻችሁን፣ በተለይም የምትቃወሙኝን፣ እጠብቃለሁ።